የአንድ መዝገብ ወረፋ

ዛሬ በቀድሞ ስሟ አምቦ ተብላ በምትጠራው በሀገረ ሕይወት ከተማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ በስልክ ለመነጋገር የፈለገ ሰው፣ እህል ነጋዴም ቢሆን በሹመት የመጣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ አስቀድሞ ወደ ስልክ ቤት ሄዶ ስሙንና የሚፈልገውን ቁጥር በመዝገብ ማስጻፍ፣ ከዚያም ባግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ መጠበቅ ነበረበት። ስልከኛው መዘውሩን አዙሮ የማዶውን ስልከኛ ይጠራል፤ «መስመሩ ተይዟል» የሚል መልስ ካገኘ ባለጉዳዩ እንደገና ይቀመጣል፤ መስመሩ ተለቀቀ ሲባል ደግሞ ባለጉዳዩ ድምፁ ሩቅ ይደርስ ዘንድ ስለሚጮህ፣ የቤተ ሰቡን ምስጢር፣ የጤፉን ዋጋና የሙግቱን ቀጠሮ ተራውን የሚጠብቀው ጉባኤ ሁሉ ይሰማዋል።

የዚህ ሁሉ መነሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው ሽቦ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው፣ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መስመር ከ1889 እስከ 1891 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከተሠራ በኋላ፣ ከርእሰ ከተማው ወደ ሌሎቹ አውራጃዎችም መስመሮች ወጡ፤ ነገር ግን ሽቦው አንድ፣ በሽቦው ላይ የተደረደሩት ጣቢያዎች ብዙ በሆኑበት ሥርዓት፣ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሦስተኛው ዝም ማለት አለበትና የጣቢያው ቁጥር በበዛ መጠን የዝምታውም ጊዜ ይረዝማል። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ በሌላው ዓለም፣ በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ብዙ ንግግሮችን በልዩ ልዩ ሞገድ ለይቶ የሚያሳልፈው ካሪየር የተባለ መሣሪያ፣ ሽቦ ሳይጨመር መንገድን ማብዛት እንደሚቻል አስመስክሮ ነበር። ሆኖም መስመር በዛ ማለት ወረፋ ቀረ ማለት አይደለም፤ አንድ ስልከኛ ባንድ መዝገብ ላይ ጎንበስ ብሎ ስሞችን በየተራ የሚጽፍና የሚጠራ ከሆነ፣ ዐሥር መስመር ቢሰጡት እንኳ የሚያስተናግደው በእጁና በብዕሩ ልክ ነው።

ወረፋን ከትዕግሥት ጉዳይነት አውጥተው ወደ ሒሳብ ካስገቡት ሰዎች ዋናው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። ይህ ሰው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጥሪዎች ያለ ቀጠሮ ቢመጡም አመጣጣቸው በስሌት ሊገመት እንደሚችል አሳየ፤ ከእርሱ የመነጨውም ትምህርት፣ ዐሥር መስመሮችን ለዐሥር ሰፈር ለየብቻ ከማከፋፈል ይልቅ ዐሥሩን ጠቅልሎ የሁሉ ማድረግ የተጠባቂውን ቁጥር እንደሚያሳንስ ያስረዳል፤ በተከፋፈለው ሥርዓት ባንዱ ሰፈር ሰው ሲጋፋ የሌላው ሰፈር መስመር ሥራ ፈትቶ ሊውል ይችላልና።

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት የኮምፒዩተር መሐንዲሶች ተቃራኒውን ማድረጋቸው ለእኔ የዚህ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። ባንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ፣ ግዙፍ አካል የሌላቸው ቨርቹዋል የተባሉ ኮምፒዩተሮች በብዛት ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም እንዲሁ አካል የሌለው የኔትወርክ ካርድ ይሰጣቸዋል። እንዲህ ያለውን ካርድ የሚያገለግለው፣ አውስትራልያዊው ረስቲ ራስል ሊነክስ ለተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ያዘጋጀው ቪርቲዮ የተባለው ሥርዓት በ2008 እ.ኤ.አ. ከሊነክስ ጋር ተዋሕዶ ሲወጣ፣ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም ለገቢው መልእክት አንድ ወረፋ፣ ለወጪውም አንድ ወረፋ ብቻ ነበረው፤ ስለዚህ ስምንት ፕሮሰሰር የተሰጠው ኮምፒዩተር እንኳ ገቢው በበዛ ጊዜ አንዱ ፕሮሰሰር በሥራ ሲደክም ሰባቱ ቆመው ይመለከቱ ነበር። በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊነክስ 3.8 ግን ለዚህ ድራይቨር ብዙ ጥንድ ወረፋዎችን ፈቀደለት፤ በልማድም የጥንዶቹ ቁጥር ከፕሮሰሰሮቹ ቁጥር ጋር እንዲተካከል ይደረጋል።

ስምንቱ ፕሮሰሰሮች አንዱን ወረፋ በጋራ ለምን አያገለግሉትም ቢባል፣ መልሱ ያው መዝገቡ ነው። አንዱ በሚጽፍበት ጊዜ ሌላው እንዳያበላሸው መዝገቡ መቆለፍ አለበት፤ ቁልፉን ለመያዝ የሚደረገው ግፊያ ደግሞ በሰከንድ እጅግ ብዙ መልእክት በሚያልፍበት ቦታ ከሥራው ከራሱ የበለጠ ጊዜ ሊበላ ይችላል። የኤርላንግ ስሌት አልተሳሳተም፤ መዝገቡን መግለጥ ዋጋ እንዳለው ግን በስሌቱ ውስጥ አልገባም ነበር።

ወረፋውን መክፈል ሌላ ችግር ያመጣል። ሁለት ኮምፒዩተሮች የሚያደርጉት የአንድ ንግግር ቃላት በልዩ ልዩ ወረፋ ቢበተኑ የኋለኛው ቀድሞ ሊደርስ ይችላልና፣ ከላኪውና ከተቀባዩ አድራሻ የሚወጣ ስሌት ንግግሩን በሙሉ ወደ አንዱ ወረፋ ይመራዋል። ምእመን ለየበደሉ ሌላ ካህን ሳይፈልግ የቀደመ ነገሩን ወደሚያውቅለት የንስሐ አባቱ እንደሚመለስ፣ መልእክቱም የንግግሩ መነሻ ካሽ በተባለው የቅርብ ማኅደሩ ወደሚገኝለት ፕሮሰሰር ይመለሳል።

እንግዲህ የፈተና ውጤት በተለቀቀ ዕለት ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶና ከባኮ የሚነሡ ተማሪዎች ባንድ ሰዓት አንዱን ሰርቨር ቢጠይቁ፣ ጥያቄዎቻቸው ብዙ አጫጭር ንግግሮች ስለሆኑ በየወረፋው በመጠኑ እኩል ይከፋፈላሉ። ይህም የሚሆነው ኃላፊው ወረፋዎቹን የከፈታቸው እንደሆነ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ወረፋ የተፈቀደለት ቨርቹዋል ኮምፒዩተር እንኳ በእጅ ትእዛዝ እስኪሰጠው ድረስ ባንዱ ጥንድ ብቻ ይሠራ ነበር። አንድ ትልቅ ፊልም ባንድ ንግግር የሚያወርድ ሰው ግን፣ ፊልሙ ሁሉ ባንዱ ወረፋ ስለሚሄድ፣ ካርዱ ስምንት ወረፋ ቢኖረውም የሚያተርፈው ነገር የለም።