ጎራዴውና አፎቱ

በቀደም ማታ እዚሁ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከታክሲ ሥራ ስገባ፣ አንድ ፎቅ ላይ የምንኖር እናት በነጠላ የተጠቀለለ ጎራዴ አሳዩኝ። «አያቴ ዓድዋ የዘመቱበት ነው። የታሪክ አስተማሪ አልነበርክም፣ ልጄ? እስቲ እየው» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ ሾተልን የአገራችን ብረት ሠሪ ይቀጠቅጠው ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ግን ብዙ የጎራዴ ስለት ከአውሮፓ፣ ለምሳሌ ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ይመጣ ነበር። እጀታውና አፎቱ አገር ቤት ይበጃል። ስለቱ ላይ አንበሳና የንጉሥ ስም ከተቀረጸ ዘመኑን ለማወቅ አያስቸግርም። «ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ከምኒልክ ዘመን አይቀድምም።

እኔ ግን ያነበብኩት «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ነው። ዓድዋ 1888፣ የኃይለ ሥላሴ ንግሥ 1923! ምን ልበላቸው?

ጎራዴውን ስመልሰው በአፎቱ ውስጥ ተንገጫገጨ። አፎቱ ከስለቱ ይልቅ ጎበጥ ያለ ነው፤ ለሌላ ስለት የተሰፋ መሆኑ ነው። ቆዳ ከብረት ቀድሞ ስለሚያረጅ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው አፎቱ ነበር፤ እዚህ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። ክሪስ የሚባለውን የኢንዶኔዢያ ጩቤ የሚመረምሩ ባለሙያዎችም ስለቱንና አፎቱን ለየብቻ ነው የሚያዩት።

እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ባዶውን አፎት አነሡ።

«የርሳቸው ይኼ ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል፣ እማማ። ቆዳ ላይ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም።»

እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ስለሚመስል፣ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳያሻግሩት አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ጎራዴውን ለኔ ሊሰጡኝ ፈለጉ፤ አፎቱን ግን አልለቀቁም።