ሁለቱ ገባሮች

አማርኛችን አንዳንዴ ሳያስበው ታሪክ ይጽፋል። ወደ ትልቁ ወንዝ የሚፈሰውን ትንሽ ወንዝ «ገባር» ይለዋል፤ ለባለ ርስቱና ለሹሙ ግብር ይከፍል የነበረውን ገበሬም «ገባር» ይለዋል። በሐዲያና በከምባታ ምድር ሁለቱ ገባሮች በአንድ ማሳ ዳር ሲገናኙ ኖረዋል። ይህች አጭር ጽሑፍ ስለ ግንኙነታቸው ናት።

በክረምት ድልድይ ላይ ቆሞ የቢላቴን ገባሮች ያየ ሰው፣ ውሃ ሳይሆን አፈር ሲወርድ ያያል። ጉዴርን የመሳሰሉ ወንዞች የደጋውን አፈር ተሸክመው ከሆሳዕና በስተምሥራቅ፣ ሻሾጎ ውስጥ ወዳለው የቦዮ ረግረግ ይወርዳሉ። ቢላቴም የቀረውን ይዞ አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያን ቅላት አይታችሁ የተደነቃችሁ አንባብያን፣ በዚያ ቀለም ውስጥ የእኛም ድርሻ እንዳለ እወቁልን።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ጉዳቱ በአንድ ጀምበር አይታይም። የወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው ይጠፋል፣ ውሃው ይሞቃል፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰው አየር ያንሳል። እስከ ወንዙ አፋፍ የታረሰ ማሳ በዝናብ ሲናድ ደለሉ ጠጠሩን ይሸፍናል። ቢልጫን የመሰሉ ዓሦች ግን እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወንዝ ሽቅብ ወጥተው በንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ቦዮ በደለል ሲሞላም፣ ከአገጩ ሥር ሁለት ነጫጭ ሥጋዎች የሚያንጠለጥለውና በዓለም ላይ እየተመናመነ ያለው ዋትልድ ክሬን የተባለ ባለ ረጅም እግር ወፍ መኖሪያውን ያጣል።

ታዲያ ገበሬው ስለምን እስከ ውሃው ዳር ያርሳል? መልሱ ከማሳው ይልቅ በታሪካችን ውስጥ ነው።

ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የገባርና የጭሰኛ ሥርዓት በዚህ ምድር ሲዘረጋ፣ ገበሬው በሚያርሰው መሬት ላይ አዛዥ አልነበረም። ነገ የሚነቀል ሰው ለልጅ ልጁ የሚሆን ዛፍ አይተክልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ። በደርግ ዘመን በየአገሩ ገበሬው እህል እየተሰፈረለት እርከን ሠራ፣ ዛፍ ተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ሥራ ብዙው ፈረሰ፣ ደኑም ተጨፈጨፈ። ይህን የገበሬው አላዋቂነት አድርገው የሚያወሩ አሉ። ለእኔ ግን ፍርድ ሆኖ ይታየኛል፤ የእኔ ያላለውን ማን ይጠብቃል?

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456፣ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም፣ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጥ አዞ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት እንዳይታረስ፣ የረግረግ ብዝኀ ሕይወትም እንዲጠበቅ ደነገገ። የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ለሰው ምን ያህል እንቅልፍ እንደምትሰጥ አውቃለሁ።

ከእኛ በስተደቡብ በወላይታ፣ ሁምቦ የሆነው ይህንኑ ይመሰክራል። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥንና የዓለም ባንክ በደገፉት ሥራ፣ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት ማኅበራት ለተደራጁ ገበሬዎች ከነተጠቃሚነት መብቱ ተሰጠ። አብዛኛው ሥራቸው አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ ከአሮጌው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ ተንከባከቡት እንጂ። ደኑ ተመለሰ፤ ከካርቦን ሽያጭም ገንዘብ አገኙ። ጉቶው ሕያው ነበር፤ የጎደለው ባለቤት ነበር።

የወንዝ ዳር ግን ከተራራ ይከብዳል። ተራራው የተራቆተ ነበር፤ የወንዝ ዳሩ የገበሬው ለም መሬት ነው። ከአገሪቱ እጅግ ሰው ከበዛባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ በሆነው በከምባታ፣ ጥቂት እርምጃ መሬት ሳይታረስ ይለፍ ማለት ከልጅ ገበታ ላይ ማንሳት ነው። ስለዚህ ያ ዳርቻ ራሱ ማብላት አለበት፤ ደሾ ሣር ለላሚቱ፣ ቀርከሃው ለገበያ፣ እንሰቱ ለቤት። በታች ያለው ዓሣ አስጋሪና ውሃ ጠጪ ከተሜም፣ በላይ ላለው ገበሬ የሚያካፍለው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ሁለቱ ገባሮች ለዘመናት ሲገብሩ ኖረዋል። ከእንግዲህ ተራው የተቀባዮቹ ነው።