ፊደል ከመቁጠር በፊት፦ የጨቅላዎችን ጆሮ የመረመረው ጡጦ

ከተወለደ ሦስት ቀን ያልሞላውን ሕፃን ምን እንደሚሰማ እንዴት መጠየቅ ይቻላል? አይናገር፣ አይጠቁም፣ አንገቱ እንኳ ገና አልጸናም። ለጨቅላ መጽሐፍ ይነበባል ሲባል ብዙዎቻችን «ምን ይገባዋልና?» ብለን ፈገግ የምንለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ አሳምሮ የሚችለው አንድ ሥራ አለ፤ መጥባት። ተመራማሪዎች መልሱን ያገኙት በዚህ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ፒተር ኢማስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የተጠቀሙበት ዘዴ ምህንድስና ለተማረ ሰው በጣም ደስ ይላል። ወተት የሌለው የጡጦ ጫፍ ከግፊት መለኪያ ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ጠንከር አድርጎ በጠባ ቁጥር ከድምፅ ማጉያው «ባ» የሚል ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ ነገሩ ስለሚያጓጓው ቶሎ ቶሎ ይጠባል፤ ሲሰለቸው ደሞ ይቀንሳል። ያኔ ድምፁን ወደ «ፓ» ይቀይሩታል። ሕፃኑ እንደገና ካፈጠነ ለውጡን ለየው ማለት ነው።

የ1 እና የ4 ወር ሕፃናት ለዩት። በሁለቱ ድምፆች መካከል የነበረው ልዩነት እኮ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው! ይበልጥ የሚገርመው፣ ልዩነቱ ያው 20 ሚሊሰከንድ ሆኖ ሁለቱም «ባ» ተብለው የሚሰሙ ድምፆች ሲሆኑ ሕፃናቱ ለለውጡ ግድ አልሰጡትም።

በ1980 አንቶኒ ዴካስፐርና ዊሊያም ፋይፈር ይህንኑ ጡጦ ወደ መምረጫ ቀየሩት። ሕፃኑ በጥቢዎቹ መካከል የሚያርፍበትን ጊዜ ሲያሳጥር ወይም ሲያስረዝም የእናቱን ወይም የሌላ ሴት ድምፅ ይሰማል። ጨቅላዎቹ እናታቸውን መረጡ። ዴካስፐር በ1986 ከሜላኒ ስፔንስ ጋር ባሳተመው ጥናት ደግሞ ነፍሰ ጡር እናቶች በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት አንድ የልጆች ታሪክ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡ። ሕፃናቱ ሲወለዱ አንባቢዋ ሌላ ሴት ብትሆንም እንኳ ያንኑ ታሪክ ከአዲሱ አስበልጠው መረጡ። ትርጉሙ ገብቷቸው አይደለም፤ ዜማውንና ምቱን ለይተውት ነው።

ታዲያ ይህ ከንባብ ጋር ምን ያገናኘዋል? ፊደል የድምፅ ምልክት ነው። «ትል» እና «ጥል» በጆሮው የማይለዩለት ልጅ ተ እና ጠን በዓይኑ ቢለይ ብዙም አይረዳውም። ስለዚህ የንባብ መሠረት የሚጣለው ሰሌዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ ነው።

ይህ ጆሮ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም። በ1984 ጃኔት ዎርከርና ሪቻርድ ቲስ በካናዳ እንዳሳዩት፣ በእንግሊዝኛ ቤት የሚያድጉ የ6–8 ወር ሕፃናት የሂንዲንም የአንድ ነባር የካናዳ ሕዝብ ቋንቋንም ድምፆች ይለያሉ። ከካናዳው ቋንቋ የተፈተኑት ድምፆች እንደኛ «ቀ» ከጉሮሮ የሚፈነዱ ናቸው። ወደ 10–12 ወር ሲደርሱ ግን ያ ችሎታ በእጅጉ ይቀንሳል። አእምሯቸው በየቀኑ ለሚሰማው ቋንቋ ራሱን እያስተካከለ ነው።

ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን በቀጥታ የሚነካው ቀጣዩ ጥናት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል፣ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ያሳተሙት ነው። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ቻይንኛ ተናጋሪዎች እያነበቡና እያጫወቱ በቻይንኛ አናገሯቸው። ሕፃናቱ የቻይንኛውን ድምፅ በመለየት ከታይዋን እኩዮቻቸው ጋር ተስተካከሉ። ያንኑ ተናጋሪ፣ ያንኑ መጽሐፍ በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልተማሩም።

ይህ ማለት ዓመቱ ካለፈ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ሰው በኋላም ቋንቋ ይማራል። ጥናቱም የለካው ድምፅ መለየትን እንጂ ቃላትን አይደለም። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፦ የአማርኛ ቪዲዮ ከፍቶ ሕፃኑን ፊቱ ማስቀመጥ አማርኛ እንደማናገር አይቆጠርም። አያት በስልክ ቪዲዮ ስታዋራው ግን ነገሩ ይለያል። እሷ መልስ ትሰጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ስሙን ትጠራለች። በ2014 የታተመ ጥናት ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች በእንዲህ ያለ የቀጥታ ንግግር አዳዲስ ግሦችን ሲማሩ፣ ቀድሞ ከተቀዳ ቪዲዮ ግን እንዳልተማሩ አሳይቷል።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? ዳይፐር ሲቀይር የሚያደርገውን እየነገረው ይቀይር። «እሹሩሩ» ሲል ዜማውን አይቆጥበው። ሕፃኑ «አጉ» ሲል ዝም ብሎ ይስማውና በተራው ይመልስለት። መጽሐፍ ሲከፍት ሕፃኑ ገጹን ቢያኝከውም አይከፋ። የልጆች መጽሐፍ ከሌለም ጋዜጣውን፣ መዝሙሩን ወይም ተረቱን ጮክ ብሎ ያንብብለት። ሀ ሁን ለመቁጠር ገና ጊዜ አለው፤ ድምፆቹን መልቀም የጀመረው ግን ከተወለደበት ቀን በፊት ነው።