ቀይዋ እርሳስ ቀድማ አለቀች

መዋጮ በምንሰበስብባቸው ቅዳሜዎች ልጆቻችንም አብረውን ይውላሉ። ሒሳቡ ተቆጥሮ፣ ብድር ጠያቂዋ ተሰምታ፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ድረስ ይሰለቻቸዋል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከመዋጯችን ላይ ጥቂት ብር ቀንሰን ባለቀለም እርሳስ ገዛንላቸው። የፋሲል ግቢ ግንቦች በመስመር ብቻ የተነደፉበትን ወረቀትም ፎቶ ኮፒ አስደረግን። እነሱ ቀለም ሲቀቡ እኛ ሥራችንን እንሠራለን ብለን ነበር።

ልጆቹ ግን ወዲያው ጥያቄ ይዘው መጡ። «ግንቡ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉን። የጎንደር ልጆች ነን፤ ግንቡን እያየን አድገናል፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ፋሲል መዋኛ እንወርዳለን። ሆኖም አንዳችን ግራጫ ነው አልን፣ አንዳችን ቡኒ፣ አንዳችን ጥቁር። ልጆቹ ሳቁብን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀትና እርሳሱን ይዘን ወደ ግቢው ሄድን። ዕድሜ ልካችንን በአጥሩ ሥር እያለፍን ውስጡን አይተን የማናውቅ ጥቂት አልነበርንም።

ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት ዐፄ ፋሲል ናቸው፤ ዘመኑም 1628 ዓ.ም. ነው። የእሳቸው ግንብ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት። ድንጋዩ ጠቆር ያለ ቡኒ ነው። በድንጋዮቹ መካከል የሚታየው ነጣ ያለ መስመር ኖራ ነው። በበሮችና በመስኮቶች ቅስት ዙሪያ ደግሞ ቀላ ያለ ድንጋይ አለ። ስለዚህ ለአንድ ግንብ ሦስት እርሳስ አስፈለገን።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከበደን። «ሁሉንም የሠሩት ፋሲል ናቸው?» ስንጠራው «ፋሲል ግንብ» ብለን ስለምንጨርስ ልጆቹም እንደዚያው መስሏቸዋል። ነገር ግን 900 ሜትር ገደማ በሚሆነውና 12 በሮች ባሉት አጥር ውስጥ ያለው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የዐፄ ኢያሱ ግንብ፣ የዐፄ ዳዊት የዝማሬ አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋ ግንብ አለ። ከእነዚህ ጋር የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ቆሟል። «ሴት ናቸው?» አለች አንዲት የአባላችን ልጅ፤ ወረቀቷን ትታ ቀና ብላ።

አዎ፣ ሴት ናቸው። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ልጅ፣ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ባላቸው በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ልጅ ነበሩና እቴጌዪቱ ራሳቸው ዘውድ ደፍተው አብረው ገዙ። የዘውድ ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ነበር። በግቢው ውስጥ ባሠሩት ግንብ ግድግዳ ላይ የመስቀል ቅርጽ ይታያል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከደብረ ፀሐይ ተራራ ግርጌ ደግሞ የቁስቋም ማርያምን ቤተ ክርስቲያንና ሌላ ቤተ መንግሥት አሠሩ።

ሦስተኛውን ቅዳሜ ቁስቋም ዋልን። የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የለም፤ ሣር በቅሎበታል። ቤተ ክርስቲያኑን በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች አቃጥለውት ኋላ እንደገና የተሠራ ነው። በፈረሰው ግድግዳ ላይ ግን ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎችና ጌጦች እስካሁን ይታያሉ። ልጆቹ ተቀምጠው ቀቡ፤ ቀይዋ እርሳስም ከሁሉም ቀድማ አለቀች።

እዚያው ተቀምጠን የቀረውን ታሪካቸውን ተነጋገርን። እቴጌዪቱ ልጃቸውን ቀበሩ። በ1761 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በሥልጣን ሽኩቻ ሲገደሉም በሕይወት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ያገኛቸው እዚሁ ቁስቋም ነው፤ በቤተ መንግሥታቸው በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን አክሟል። በ1765 ዓ.ም. አረፉ። ከመካከላችን ልጅ የቀበርን እናቶች አለን፤ ይህ ሲነገር ዝም አልን።

መልካቸውንም ማየት ይቻላል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ፣ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በእሳቸው ዘመን የጎንደር ሥዕል ቀለሙ ደምቆና ረቅቆ ነበር።

ይህን ሁሉ ስናውቅ አንድ ነገር ተሰማን። የሴት እጅ ያለበትን ነገር በአባወራው ስም መጥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። ጭቃውን ረግጠን፣ ውኃውን ተሸክመን፣ ከቁጠባችን ቆርቆሮ ገዝተን ያቆምነውን ቤት «የእገሌ ቤት» ይሉታል፤ እኛም አብረን እንላለን። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን አቅንተዋልና ክብራቸው የተጠበቀ ነው፤ የምንትዋብን ግንብ በስሟ ብንጠራው ከእሳቸው አይጎድልም። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ቁስቋምም አብሮ ተመዝግቧል። ሊያውቀው የሚገባ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የእኛ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣን። ወረቀቱን ቀለም የቀባ ሁሉ ከሥሩ የአሠሪውን ስም ይጽፋል፤ እናቶችም ጭምር። በመዝገባችን ላይ በጣት አሻራ ትፈርም የነበረች አንዲት አባላችን ልጇ እጇን ይዛት «ምንትዋብ» ብላ ጻፈች፤ ከቀይ መስቀሉ ሥር፣ በጎርባጣ ፊደል። ቀጥላ የራሷን ስም ጻፈች። በነሐሴ መዋጮ ላይ ቀለሙን መለሰችው፤ በእርሳስ ፈረመች።

ወረቀቶቹ በቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ መጥታችሁ እዩልን። ቀይ እርሳስ ብቻ በብዛት ያስፈልገናል።