የኪንዙዋ ድልድይ ዜና መዋዕል

አፄ ዮሐንስ ራብዓዊ በኢትዮጵያ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፣ በ1874 ዓመተ ምሕረት፣ በሰሜን አሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት በኪንዙዋ ሸለቆ ላይ የታነጸው የባቡር ድልድይ እንደምን ተጀምሮ እንደምን እንደ ተፈጸመ፣ ስንት ዘመንም ካገለገለ በኋላ በዐውሎ ነፋስ እንደ ወደቀ፣ ፍርስራሹም ዛሬ በተጠበቀ ደን መካከል ስለ ምን ሳይነሣ እንደ ቀረ በዚህ ጽሑፍ እንተርካለን። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

ኪንዙዋ የሚለው ስም ሴኔካ ከሚባሉት ከጥንቱ የአገሩ ተወላጆች ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፣ ሸለቆውም ዐዘቅቱ ጥልቅ፣ ግራና ቀኙ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ነበር። ጄኔራል ቶማስ ኬን፣ በአሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ወገን ተሰልፎ የቆሰለው፣ ኋላም በስሙ የምትጠራውን የኬንን ከተማ የቆረቆረው፣ የባቡር ኩባንያ አለቃ በሆነ ጊዜ የድንጋይ ከሰልና ግንድ የሚያመላልስ ሐዲድ በዚያ አገር ሊዘረጋ አሰበ። ነገር ግን ሸለቆው መንገዱን ቆርጦ ያዘበት፤ ዞሮ ለመሄድም 13 ኪሎ ሜትር ያህል ተጨማሪ ሐዲድ በገደላማ ምድር ላይ መጣል ግድ ሆነ። ስለዚህ ከመዞር ይልቅ መሻገርን መረጠ።

ንድፉን የመሩት መሐንዲስ ኦክታቭ ሻኑት ነበሩ፤ እኒህም ሰው በስተርጅናቸው ስለ በረራ በጻፉትና በሰጡት ምክር ለራይት ወንድማማቾች ትልቅ ረዳት የሆኑት ናቸው። ከዚያው ከኮረብታው ድንጋይ እየተፈለጠ መሠረቱ ተጣለ፤ በግንቦት ወር የብረቱ ሥራ ተጀመረ። ሠራተኞቹ ከምድር እስከ ላይ የእንጨት መወጣጫ ሳይተክሉ፣ መጀመሪያ አንዱን ማማ አቁመው፣ በእርሱ ራስ ላይ የክብደት ማንሻ መሣሪያ ጭነው፣ በዚያ ሁለተኛውን እያነሡ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየተሸጋገሩ፣ ሃያውን ማማ በ94 የሥራ ቀን ውስጥ አቁመው በነሐሴ ጨረሱ። ቁመቱ 92 ሜትር፣ ርዝመቱ 625 ሜትር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ካሉት የባቡር ድልድዮች ሁሉ ከፍታው የበለጠ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ጉስታቭ ኤፌል በፈረንሳይ አገር ያነጸው የጋራቢ ድልድይ ይህን ክብር ወሰደበት። ጄኔራል ኬንም ሥራውን ፈጽሞ ካየ በኋላ በታኅሣሥ 1876 ዓ.ም. ዐረፈ።

ድልድዩ ግን ከባቡሩ ክብደትና ከነፋሱ ኃይል የተነሣ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር፣ ባቡር ሁሉ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ እንዲያልፍበት ተወሰነ። ሎኮሞቲቮቹም ከዓመት ወደ ዓመት እየከበዱ ስለ ሄዱ፣ በግንቦት 1892 ዓ.ም. የቀድሞው ብረት ፈርሶ በምትኩ ሌላ ድልድይ ከአረብ ብረት ይሠራ ጀመር፤ እስከ መስከረም 1893 ዓ.ም. ባለው ጊዜም ተፈጸመ። በዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከላይ ያለው ሁሉ ሲታደስ፣ ማማዎቹን ከድንጋዩ መሠረት ጋር አስረው የሚይዙት የ1874ቱ ብሎኖች በቦታቸው ቀሩ፤ አዲሱም ማማ በመቀጠያ ቀለበት ከአሮጌዎቹ ብሎኖች ጋር ተያያዘ። 18 ዓመት ብቻ ያገለገለውን ብሎን ከድንጋይ ፈልፍሎ ማውጣት ያን ጊዜ ትርፍ ድካም መስሎ ሊታይ እንደሚችል አይካድም፤ በሠሪዎቹም ላይ ልፈርድ አልደፍርም። ሆኖም ያ ሁሉ አዲስ ብረት፣ 3,000 ቶን ያህል የሚመዝነው፣ ነፋስ ከጎኑ በገፋው ጊዜ ከመሠረቱ እንዳይነቀል የሚይዘው ነገር ያ የአሮጌውና የአዲሱ መጋጠሚያ ብቻ ነበረ፤ ዝገትም በስውር ይበላው ጀመር።

በሰኔ 1951 ዓ.ም. የንግዱ ባቡር ቆመ፤ ድልድዩም ለአንድ የቁራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ይህ ሰው አፍርሶ ሊሸጠው የገዛውን ድልድይ ባየ ጊዜ እንዲፈርስ አልፈቀደም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ ይህን ነጋዴ አከብራለሁ፤ ትርፉ በእጁ ሳለ ስለ ውበት ብሎ ተወው። በ1955 ዓ.ም. የግዛቱ ገዢ ዊልያም ስክራንተን ድልድዩና ዙሪያው ያለው ደን የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን በሕግ አጸኑ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ አገር ጎብኚዎችን የጫነ ባቡር በደኑ ውስጥ አልፎ እንደ ገና ወደ ድልድዩ ይመጣ ጀመር።

በሰኔ 1994 ዓ.ም. መሐንዲሶች መርምረው ብረቱ ክፉኛ መዛጉን ስላገኙ ባቡሩ ታገደ፤ በነሐሴም እግረኛ እንዳይረግጠው ተከለከለ። በየካቲት 1995 ዓ.ም. ጥገናው ተጀምሮ ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ሳሉ፣ ሐምሌ 14 ቀን ሰኞ ከቀትር በኋላ ዐውሎ ነፋስ በሸለቆው ውስጥ ተነሣ፤ ማማዎቹንም ከጎን መታቸው። መጋጠሚያው ተበጥሶ ከሃያው ማማ ዐሥራ አንዱ፣ መካከለኞቹ ሁሉ፣ ከመሠረታቸው ተነቅለው ወደቁ። በእግዚአብሔር ቸርነት ግን አንድም ሰው አልሞተም።

ድልድዩን መልሶ ለማነጽ የሚጠይቀው ገንዘብ እጅግ ብዙ ሆኖ በመገኘቱ፣ የግዛቱ መንግሥት የወደቀው በወደቀበት እንዲቀር ቈረጠ፤ ይህም በእኔ አስተያየት መልካም ፍርድ ነበር። በስተደቡብ ቆመው የቀሩት ስድስቱ ማማዎች ተጠግነው፣ በመስከረም 2004 ዓ.ም. የእግረኛ መንገድ ሆነው ተከፈቱ። መንገዱ ከሸለቆው አፍ ላይ ያበቃል፤ በጫፉም ወለሉ በከፊል መስተዋት ስለ ሆነ፣ የሚመለከት ሰው ከ60 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ከእግሩ በታች ያለውን ዐዘቅት ያያል። በሸለቆው ውስጥ የተጣመሙት ማማዎች በሣርና በቁጥቋጦ መካከል ተጋድመዋል፤ ከማዶም የቀሩት ሦስቱ ሐዲዳቸው ከመካከል ተቆርጦ ለብቻቸው ቆመዋል።