እትብት፣ እምብርትና ታቡር



አራስ ልጃችሁን ይዛችሁ ጢፓት ሐላቭ ስትሄዱ ነርሷ «ታቡር» የሚል ቃል ትናገራለች። ታቡር እምብርት ነው። «ሔቬል ሃታቡር» ደግሞ የእምብርት ገመድ፣ ማለትም እትብት ነው። አማርኛችን ሁለቱን በሁለት ቃል ይለያቸዋል፤ እትብት ልጁ እንደተወለደ ይቆረጣል፣ እምብርት ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።

እምብርት የመጣው ከግዕዙ «ሕንብርት» ነው። በአማርኛ የ«ሐ» ድምፅ በጊዜ ብዛት ስለጠፋ «እንብርት» ተባለ፤ «ን» ደግሞ ከ«ብ» ፊት ሲመጣ ወደ «ም» ስለሚለወጥ እምብርት ሆነ። ትግርኛ ግን እስከ ዛሬ «ሕምብርቲ» ይላል። በዚሁ መንገድ የግዕዙ «ሐዲስ» በእኛ አፍ «አዲስ» ሆኗል፤ ዕብራይስጡም «ሐዳሽ» ይለዋል። እንግዲህ ኡልፓን ስትገቡ የምትማሩት ቋንቋ የሩቅ ባዕድ ሳይሆን የግዕዝ ዘመድ መሆኑን አትርሱ።

ታቡርና እምብርት ግን በሐሳብ እንጂ በሥር አይገናኙም። እኛ «የከተማው እምብርት» ስንል መካከሉን ማለታችን ነው። በኦሪታችን ውስጥ ባለው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ቁጥር 37 ደግሞ ጋዓል በሴኬም ከተማ በር ቆሞ፣ ሰዎች ከ«ታቡር ሃአሬጽ»፣ ከምድር እምብርት፣ ሲወርዱ አየ። ግሪኮችም በዴልፊ የነበረውን ቅዱስ ድንጋይ «ኦምፋሎስ»፣ እምብርት፣ ብለው ጠርተውታል።

እትብት በአገራችን ከዚህም የጠለቀ ትርጉም አለው። «እትብቴ የተቀበረበት» ያለ ሰው የትውልድ ቦታውን ተናገረ ማለት ነው። በግንቦት 1991 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። የእነርሱ እትብት የየት አገር ነው እንበል?

እዚህ በሆስፒታል ለሚወለዱ ልጆቻችን እትብት የሚቀብርላቸው የለም። መልሱን ልንሰጣቸው የምንችለው እኛ ወላጆች ነን። ስለዚህ አያቶች በሕይወት ሳሉ እትብታቸው የተቀበረበትን መንደር፣ ወንዙንና ተራራውን ጠይቁ፤ ስሙን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉ፤ ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው። ልጅ ሁለት ቋንቋ ሲያውቅ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም፤ ከየት እንደመጣ ያወቀ ልጅ ደግሞ የመጣበት አገር ሲጠየቅ አንገቱን አይደፋም።