ሲያንስም ለሁሉም ይቆረሳል፦ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የትምህርት መብት ታሪክ



እናንተ በቅርቡ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች፣ ከትምህርት ቤት ደጅ መቅረት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢ ፍለጋ ጎረቤት መሄድን ታውቃላችሁ። ዛሬ የማወጋችሁም ደጅ ስለቀሩ ልጆች ነው። እነሱ የቀሩት ግን ትምህርት ቤት ጠፍቶ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አጠገባቸው እያለ፣ «እናንተ አትገቡም» ስለተባሉ ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ነው። ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጁዲ ሂውማን የምትባል ልጅ በ1947 ተወለደች። ያደገችው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ፖሊዮ ያዛት። ከዚያ ወዲያ የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። አምስት ዓመት ሲሞላት እናቷ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ታዲያ ርዕሰ መምህሩ አልተቀበሏትም። ወንበሯ ለእሳት አደጋ ያሰጋል ተባለ። ስለዚህ አስተማሪ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ቤቷ እየመጣ ያስተምራት ጀመር። ትምህርት ቤት የገባችው ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው። እሱም ቢሆን ለአካል ጉዳተኞች ብቻ በተለየ ክፍል ነበር።

ለሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ደግሞ ሌላ እንቅፋት መጣ። በዚያን ጊዜ አሠራር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ ወደ ቤቱ ተመልሶ እዚያው ነበር የሚማረው። እናቷ ግን ዝም አላለችም። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆና ባለሥልጣኖቹን ወጥራ ያዘች። አሠራሩ ተለወጠ። ጁዲም በ1961 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች።

እስቲ አሁን ወደ ዋና ከተማው ወደ ዋሽንግተን እንሂድ። በዚያ ሰባት ልጆች በወላጆቻቸውና በጠበቆቻቸው አማካይነት የከተማይቱን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ። የጠባይ ወይም የአእምሮ ችግር አለባችሁ እየተባሉ ከትምህርት የተባረሩ ልጆች ናቸው። በክርክሩ እንደተገለጸው በከተማይቱ 22,000 ያህል ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ እስከ 18,000 የሚደርሱት የሚገባቸውን ልዩ ትምህርት አያገኙም ነበር።

ቦርዱ ምን ብሎ መለሰ? «ገንዘብ የለንም» አለ። ይህ መልስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ የምንሰማው ነው። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ ግን በ1972 ፍርድ ሰጡ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ያለው በትክክል ይከፋፈል፤ ጉድለቱ በአካል ጉዳተኛው ልጅ ላይ ከሌላው ይበልጥ አይክበድ አሉ። ነገሩ እንደ ሌማት ነው። እንጀራ ሲያንስ ደግ እናት ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ትቆርሳለች እንጂ፣ ደካማውን ልጅ ጦሙን አታሳድርም።

እኔም አስተማሪ ነኝና ይህ ፍርድ ይነካኛል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ከክፍሌ ኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ስጠራው አይመልስም። ሰነፍ ነው ብዬ ተውኩት። ጆሮው በደንብ እንደማይሰማ ያወቅሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከፊት አስቀመጥኩት። ፊቴን ወደሱ አዙሬ መናገር ጀመርኩ። ይኸው ነው፤ አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም። የባከነውን ጊዜውን ግን ማን ይመልስለታል?

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1973 ሌላ ሕግ ወጣ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል። ግን ማስፈጸሚያ ደንቡ ሳይፈረም አራት ዓመት አለፈ። በሚያዝያ 1977 ከ100 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ አካል ጉዳተኞች፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተው አንወጣም አሉ። ጁዲ ሂውማን ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በላይ እዚያው ወለል ላይ እየተኙ ቆዩ። ደንቡም በዚያው ወር ተፈረመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸ ነው።

በመካከሉ፣ በ1975፣ ዋናው የትምህርት ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ ራሱ እንደሚለው በዚያን ጊዜ 1 ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ፈጽሞ ውጭ ነበሩ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ልጅ ለሱ የሚስማማ ነፃ ትምህርት ይሰጠው አለ። ለዚህም አስተማሪዎችና ወላጆች አብረው ተቀምጠው ለልጁ የራሱን ዕቅድ ይጽፋሉ። ዓይነ ስውሩ በብሬል ያነባል። መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደባል። እጁ ለሚዘገይበት ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። ዕቅዱም በየዓመቱ ይታያል።

በ1990 ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ነገር ተጨመረ። ተማሪው 16 ዓመት ሳያልፈው፣ «ትምህርት ሲጨርስ የት ይደርሳል?» ተብሎ ይታሰብለታል። ኮሌጅ ይገባል? ሙያ ይማራል? ራሱን ችሎ እንዴት ይኖራል? ልጁን አስተምሮ በር ላይ መተው አይበቃማ!

ሁሉም ተሟልቷል ማለት ግን አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ከተጨማሪው ወጪ እስከ 40 ከመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ ያን ያህል ሰጥቶ አያውቅም።

ዛሬ በዚያችው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በሕጉ መሠረት፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ አባትና እናት በልጃቸው የዕቅድ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ሊቀርብላቸው ይገባል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። አገራችንም በ2010፣ በእኛ 2002 ዓ.ም.፣ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። በስምምነቱ ውስጥ የመማር መብት አለ።

እንግዲህ በየሰፈራችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ቤት የተቀመጠ ልጅ አለ? ወላጆቹን አነጋግሩ። ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። «ገንዘብ የለም» ካሏችሁ፣ «ታዲያ ጉድለቱ ለምን ለዚህ ልጅ ብቻ ሆነ?» በሏቸው። የጁዲ እናትም የጀመረችው በመጠየቅ ነው።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።